በዘንጉ ውስጥ የተቆለፈው ደብዳቤ

ሰው የልቡን ምስጢር የት ይደብቃል? አንዱ ለጓደኛው ሹክ ይላል፤ አንዱ በስግደቱ መሃል ለፈጣሪው ይነግራል፤ አንዱም እንደያዘው ይሞታል። ሙህዲን ግን አሉሚኒየም ፈልፍሎ ነው የደበቀው። ደብቆም አልቀረ፣ አጥብቆ ከድኖ፣ በገዛ እጁ በሚወዳት ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አውሮፓ ሰደደው። ጉዱ የፈላው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው።

ኅዳር ውስጥ፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ማዶ ባለው የብረት መላጊያ ቶርኖ ቤት፣ ሙህዲን የገልባጭ መኪና አክስል አስሮ ይልግ ነበር። የቱታው ኪስ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። አወጣና ስሙን አየ፤ ሰልዋ። ማሽኑን አጠፋ።

የሰልዋን መልእክት በቆሸሸ እጅ ከፍቶ አያውቅም። መጀመሪያ በሰጋቱራና በዱቄት ሳሙና እጁን ይፈትጋል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚከፍተው። ሠራተኞቹ "ልትሰግድ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ዛሬም ታጠበ። ዛሬ ግን ባይከፍተው ይሻለው ነበር።

"ሙህዲን፣ እንዴት ነህ። አንድ ነገር በሐቅ ንገረኝ" ይላል ድምጿ። "ጣሳውን ስትሠራ እጅህን ታጥበህ ነበር? ዘይት ነክቶታል? ሁለት ቀን ሙሉ አልሠራ ብሎናል። ሃይድሮጂን ያለው ነገር ገብቶበታል። እዚህ ሰዎቹ የት መንደር ነው ያሠራሽው እያሉ ይጠይቁኛል። አፈርኩ። ወላሂ አፈርኩ።"

ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማው። "አብሽር" የለ፣ ሳቅ የለ። ልጅቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አሠሪው ልጅ ነው ያናገረችው። "እጅህን ታጥበህ ነበር?" እሱን!

ሰልዋ የሀጂ ሀይረዲን አንድያ ልጅ ናት። ሀጂ ከስልጤ ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ ዛሬ ከፊት ለፊት የብረታ ብረት ሱቅ፣ ከጀርባው ይህን ቶርኖ ቤት ያቆሙ ሰው ናቸው። ሙህዲንም ያገራቸው ልጅ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጥቶ ፍርፋሪ ብረት ከመጥረግ ጀምሮ ዛሬ የቶርኖው አለቃ ሆኗል። ሱቁንና ቶርኖ ቤቱን የምታገናኝ አንዲት ጠባብ በር አለች። ሰልዋ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያች በር ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከዚያ አውሮፓ ሄደች፤ ለዶክትሬቷ ፊዚክስ ማጥናት ከጀመረች ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ። በሩ ግን እዚያው ነው፣ ሙህዲንም እዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስትመጣ አንድ ንድፍ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ጋዝን በጣም በጣም ስታቀዘቅዘው ፈሳሽ ይሆናል" አለችው። "ከባድ ሃይድሮጂን የሚባል አለ። እሱ እንደሌላው አይደለም፤ ያን ያህል ቀዝቅዞም ቅንጣቶቹ ዕረፍት የላቸውም። እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማወቅ ነው የኔ ሥራ።"

"በምን ታይዋቸዋለሽ?"

"ኒውትሮን እንለቅባቸዋለን። ነክቷቸው ሲመለስ ምን ያህል ፍጥነት እንደጨመረ ወይ እንደቀነሰ እንለካለን። ከዚያ እነሱ እንዴት ሲንቀሳቀሱ እንደነበር ይታወቃል።"

"በጨለማ ኳስ ወርውሮ፣ ባመላለሷ ምን እንደመታች ማወቅ በይው።"

ሰልዋ ከንድፉ ላይ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ማንኛቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አልሰበሩም። "ይሄንን ለአስተማሪዬ ነው የምነግረው" አለች መጨረሻ ላይ፣ ፊቷ ቀልቶ።

ፈሳሹ የሚቀመጥበት ጣሳ ከአሉሚኒየም መሠራት አለበት፤ ኒውትሮን አሉሚኒየምን እንደሌለ ቆጥሮት ነው የሚያልፈው። እዚያ ያለው ወርክሾፕ የአራት ወር ወረፋ ስላለው ነው ወደ ሙህዲን ያመጣችው። "ተራው ሃይድሮጂን ግን ጠላቴ ነው" አለችው። "የኔ ፈሳሽ ሹክ የሚል ከሆነ፣ እሱ እልልታውን ያቀልጠዋል። ዘይት፣ ላብ፣ የጣት አሻራ፣ ላስቲክ፣ አደራህን!" ይህን ሁሉ ዘረዘረች። ወረቀት ግን አላለችም። ማን ይላል?

ሙህዲን አሥራ አንድ ቀን ሠራው። አዲስ ጓንት ገዛ። በአልኮል ሲወለውለው ሕፃን የሚያጥብ ነበር የሚመስለው። ሰልዋ በየቀኑ እየመጣች፣ ሻይዋን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ በካሊፐር ትለካለች፤ ትለካና ደግሞ ትለካለች።

"አሁን ለካሽው እኮ!" ይላታል።

"አንድ ጊዜ የተለካ እንዳልተለካ ነው። ድገመው።"

ከጣሳው መሃል ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ ይቆማል፤ ፈሳሹ በዙሪያው በስሱ እንዲቆም ነው። ሙህዲንን የፈተነው ይሄ ባዶ ዘንግ ነው።

ይህን ለመረዳት ጋሽ በዛብህን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ በዛብህ ዕድሜያቸውን የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ የፈጁ አዛውንት ናቸው፤ ሙህዲንን ሙያ ያስተማሩት እሳቸው። ዛሬም ጡረተኛ ነኝ ብለው ቤት አይውሉም፤ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የማይተቹት ሥራ የለም። የድሮ ቶርኒተሮች ልማድ ነበራቸው፦ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሲሠሩ ስማቸውንና ቀኑን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ውስጡ ይዘጉበታል። "ስምህን ሳታስገባ ሥራ አታውጣ" ይሉ ነበር ጋሽ በዛብህ። ሙህዲንም እስከዛሬ አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም።

በዚህኛው ዘንግ ግን ስሙን ብቻ አላስገባም። ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ከደብተር ሙሉ ገጽ ቀደደና በፊቷ ሊል ያልደፈረውን ሁሉ ጻፈ። እንደ ሲጋራ ጠቀለለው። ክዳኑን የግራ ጥርስ አወጣለት፤ ሌላው ቡሎን ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ ይሄኛው ወደ ቀኝ ካልዞረ አይነቃነቅም። መገጣጠሚያውን እስኪጠፋ ላገው። ማንም እንደማይከፍተው እርግጠኛ ስለነበር ነው የልቡን የጻፈው። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ይናገራል፣ ማንም እንዳይሰማው አድርጎ።

አሁን ስልኩን ይዞ ቆሟል። አንድ ነገር ጠረጠረና ጻፈላት። "ሃይድሮጂን በምን በምን ውስጥ ይገኛል?"

መልሱ ወዲያው መጣ። "በሁሉም! ውሃ፣ ዘይት፣ ላስቲክ፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ሰው።"

ዓይኑ አንዷ ቃል ላይ ተተከለ። ያ ረቢ! ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ማዶ እልልታውን ያቀለጠው የሱ ደብዳቤ ነው።

በዚህ መሃል ሀጂ ሀይረዲን በጠባቧ በር ገቡ። ኮፊያቸውን አስተካክለው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

"ሰልዋ ደውላ ነበር" አሉ። "አለቀሰች። ማሽኑን የሰጧት እስከ አርብ ነው። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ተራ ነው። ዘንድሮ ውጤት ካላመጣች ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። ለኔ ቃል ገብታልኛለች፤ ካልሆነ ቤቴ እመጣለሁ ብላለች።"

"ሌላ ጣሳ የላቸውም ሀጂ?"

"ለሷ ዓይነት ፈሳሽ የሚሆን የለም አለች። ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ዛሬ፣ በኛ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ይወስናሉ። ማቀዝቀዙ ብቻ አንድ ቀን ይፈጃል ነው የሚሉት። እኔ ምኑም አይገባኝ።" ቁና ተነፈሱ። "አዝኛለሁ ብዬ አልዋሽህም። ትምጣልኝ። ናፍቃኛለች።"

ሙህዲን አቀረቀረ። ሀጂ ግን አልተነሱም።

"አንተ ልጅ፣ እኔም ዓይን አለኝ እኮ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ክረምት ላይ እዚህ ስታወሩ ገብቼ ተመልሼ ወጥቻለሁ። አላያችሁኝም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የምታዩ አልነበራችሁም።"

ሙህዲን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"ዶክተር ከሆነች ማን ይደርስባታል? እኔ አባቷ እንኳ አልደርስባትም። ከመጣች ግን ሱቁን ትይዛለች፣ አንተ ቶርኖ ቤቱን ትይዛለህ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል። እምቢ የምል ሰው አይደለሁም።" ትከሻውን መታ አድርገውት ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

አሥር ዓመት ሙሉ በሕልሙ እንኳ ያልደፈረው ነገር በአንድ ጠዋት እጁ ላይ ተቀመጠለት። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ማንንም መዋሸት የለበትም። እስከ ቀትር ዝም ማለት ብቻ! ሰልዋ በዚያች በር ገብታ፣ ሻይዋን ይዛ፣ ዕድሜ ልኳን እዚህ ልትኖር ነው። ደስ አለው፤ ወዲያውም "አለቀሰች" የሚለው የሀጂ ቃል ጆሮው ላይ ደወለበት። ደስታና ሐፍረት በአንድ ሆድ ውስጥ ሲታገሉ ሰውን ያማል። እሱንም አመመው።

"ምን ሆነህ ነው እንደ ሐውልት የተገተርከው?" አሉ ጋሽ በዛብህ ከበርጩማቸው።

ለሌላ ሰው አይነግርም ነበር። ለእሳቸው ግን ነገራቸው። ወረቀቱን፣ ሃይድሮጂኑን፣ የሀጂን ቃል፣ ሁሉንም። ጋሽ በዛብህ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"እርስዎ ነዎት ያስለመዱኝ" አለ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልጅ ተነጫንጮ። "ስምህን ሳታስገባ አታውጣ ብለው።"

"በአቦ! ደግሞ እኔ ልሁን ጥፋተኛው?" ጭናቸውን ጠበጠቡ። "ለመሆኑ ስም የሚገባው ለምን መሰለህ? ለክብር መሰለህ?"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ሥራው የተበላሸ ቀን ማን እንደሠራው እንዲታወቅ ነዋ! ባቡሩ መንገድ ላይ ቢቆም፣ ፈተው ሲያዩ የኔን ስም ያገኛሉ። እኔ እጠራለሁ። ሄጄ አስተካክላለሁ። ስሙን ያስገባ ሰው ሲጠራ አቤት ይላል።" ከዚያ ቀስ ብለው ጨመሩ። "የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። የልጅቷ ገደል እየተናደ ነው። አንተ የቱ ነህ?"

ሙህዲን ሰዓቱን አየ። አምስት ተኩል ሆኗል። የቪዲዮ ጥሪውን ተጫነ።

ሰልዋ ብቅ አለች። ዓይኖቿ አብጠዋል። ከኋላዋ ትልልቅ የብረት በርሜሎችና ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ይታያሉ።

"ቶሎ በል ሙህዲን፣ ስብሰባ ልንገባ ነው።"

"ዘይት አይደለም" አለ። "እጄንም ታጥቤ ነበር።"

"ይቅርታ፣ ያን ማለቴ..."

"ወረቀት ነው። ዘንጉ ውስጥ። እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

ምስሉ የቆመ መስሎት ስልኩን ነቀነቀ። አልቆመም፤ የቆመችው እሷ ናት።

"የምን ወረቀት?"

"ደብዳቤ። ላንቺ።"

"ደብዳቤ..." ድምጿ ተሰበረ። "ሁለት ቀን እኮ ነው ያጣሁት! ይሄን ማሽን ለማግኘት አንድ ዓመት ሙሉ ወረፋ ጠብቄያለሁ። ሰው ሁሉ ፊት ነው የተዋረድኩት። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ፊትህ ነበርኩ! አፍ አልነበረህም? ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?"

"አንቺ የሀጂ ልጅ፣ እኔ የሀጂ ሠራተኛ። ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"የጻፍከውን!"

ይህን ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለቱም ሰምተውታል። ሙህዲን ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ነገር ግን የሚለቀስበት ጊዜ አልነበረም።

"ዘንጉን አምጪው" አላት። "ጫፉ ላይ ቀጭን ጭረት አለ፤ በሱ በኩል ያዢው። ወደ ቀኝ አዙሪ።"

"ወደ ቀኝ እኮ ይጠብቃል!"

"ይሄኛው ይፈታል። እመኚኝ። ዛሬ ብቻ እመኚኝ።"

ጣሳው ለምርመራ ከማሽኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ዘንጉን አንስታ፣ ጥርሷን ነክሳ አዞረችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ክዳኑ ተፈታ። ከዘንጉ ውስጥ ቀጭኑ ጥቅልል ጓንቷ ላይ ወደቀ፤ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ነገር ያን ያህል ትንሽ ነበር። ሰልዋ አየችው። ልትገልጠው ጣቷን ሰደደች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ስሟን ጠራ። ጥቅልሉን ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ደረት ኪሷ አስገባችው።

"አሁን ላነብበው አልችልም" አለች። "መሄድ አለብኝ።" ጥሪው ተቋረጠ። ይቅር አላለችውም፤ አልረገመችውምም። ሙህዲን ግማሽ ነፍሱ ከስልኩ ጋር የተዘጋበት መሰለው።

ዞር ሲል ሀጂ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላህ ይወቅ።

"ዝም ብትል ትመጣ ነበር" አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ድንገት ያረጁ ነው የሚመስሉት። "እኔንም፣ ራስህንም ባዶ አስቀረኸን።"

ወደ ሱቃቸው ገቡና በሩን ከወዲያ በኩል ቀረቀሩት። ያች በር ተቀርቅራ አታውቅም ነበር።

ሐሙስ አለፈ። አርብ አለፈ። ከሰልዋ አንድም ቃል የለም። ሙህዲን ሁለት ጊዜ መለኪያ ተሳስቶ ጥሩ ብረት አበላሸ። ጋሽ በዛብህ እንኳ አልተቹትም፤ ከስድብ የባሰው ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። ዛሬ እጁን አልታጠበም። ከነዘይቱ አነሳው።

"ተሳካ" አለች።

"አልሃምዱሊላህ!" አለና ቶርኖው ላይ ተደገፈ።

"ወረቀቱ ሲወጣ ተራው ሃይድሮጂን ያመጣው እብጠትም ከግራፉ ላይ ጠፋ። ሌት ተቀን ሠራን፤ ያጣሁትን ሁለት ቀን ባልመልሰውም የሚበቃኝን አግኝቻለሁ። ሁለት ዓመት ጨምረውልኛል።"

ሁለት ዓመት። እዚያው እንደምትቀር ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የነገራት። ቢሆንም ቃሉ ሲመጣ ደረቱን ወጋው። "እንኳን ደስ አለሽ" አለ፣ ከልቡ።

"የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ልኬት ሰርዢው አሉኝ" አለች። "አልሰረዝኩትም።"

"ለምን?"

"የተበላሸ ልኬት አይደለማ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለካ የቆየሁት ያንተን ደብዳቤ ነው።"

ከጀርባዋ ነፋስ ይሰማል፤ ውጭ ቆማ ነው የምታወራው።

"አነበብሽው?" አላት።

"አላነበብኩትም። እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ፈራሁ ሙህዲን። ካነበብኩት ሥራዬን ጥዬ የምመጣ መስሎኝ ፈራሁ።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "ደግሞም በወረቀት አልፈልግም። በቃልህ ታውቀው የለ? አንተው ንገረኝ።"

ሙህዲን ዙሪያውን አየ። ሁለት ሠራተኞች መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ በዛብህ ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ጠባቧ በር እንደተቀረቀረች ናት፤ ሀጂ ከማዶ እንደሚሰሙት ያውቃል። ድሮ ቢሆን ድምፁን ይቀንስ ነበር። አሁን ስሙን አስገብቷል፤ ሲጠራ አቤት ማለት አለበት።

"ሰልዋ" ብሎ ጀመረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ይሄን እንደማታነቢው አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። የሻይ ብርጭቆሽ ጠረጴዛው ላይ ክብ ምልክት ትቷል። ማንም ዕቃ እንዲያስቀምጥበት አልፈቅድም። ሂጂ አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም። የትም ሁኚ፣ እኔ እወድሻለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ በዚያች በር ደፍ ላይ ስትቀመጪ፣ ብረቱን የምልገው አንቺ ቀና ብለሽ እንድታዪኝ ነበር። ሙህዲን። ነሐሴ ሃያ ሦስት።"

ጨረሰ። ከስልኩ ማዶ የልጅቷ ልቅሶ ተሰማ፣ በልቅሶው መሃልም ያ የናፈቀው ሳቅ።

"ድገመው" አለችው።

"ምን?"

"አንድ ጊዜ የተለካ እንዳልተለካ ነው ብዬህ የለ? ድገምልኝ።"

ሙህዲን እንባውን በዘይታም እጁ ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረላት።